ይሄ እጅ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ደመራም ይሁን ጥምቀት፣ ኳስም ይሁን ሩጫ፣ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ነው። እናንተስ? ታቦት ሲያልፍ ከፊታችሁ ነጠላ አለ፤ ጎል ሊገባ ሲል ከፊታችሁ ብድግ የሚል ሰው አለ። ዓይናችን ይህን ለምዶታል። ዘንበል ይላል፣ ክፍተት ይፈልጋል፣ ያየውንና ያላየውን አገጣጥሞ አንድ ሙሉ ነገር አድርጎ ወደ ቤት ይዞ ይገባል። ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ከፊቱ የቆመውን ትከሻም፣ ከትከሻው ወዲያ የሚሮጠውንም እኩል ጉዳዬ ብሎ ይይዛል፤ ለየትኛው እንደሚያደላ ካልነገሩት ደግሞ ራሱ ይመርጣል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከገጠመኝ ወዲህ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ ላወጋችሁ ነው። ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝ።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ በኩል ነው። አክስቴ ልጇ ለታላቁ ሩጫ መመዝገቧን የሰማች ዕለት፣ ገና ቲሸርቱ ሳይታደል፣ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ቦታ ለካች፤ ከምረቃው ፎቶ በስተቀኝ። «አንተ ልጅ፣ ካሜራ ያለው ጓደኛ አለህ አይደል? አንድ ጥርት ያለች ፎቶ ብቻ። ፊቷ ይታይ፣ ሌላ ምንም አልልህም» አለችኝ። «እትዬ፣ እሱን ለኔ ተይው» አልኳት። የተማሪነት ዘመኔን ምሳዬን እሷ ቤት እየበላሁ ነው የጨረስኩት፤ እንዲህ ያለች ሴት አንዲት ፎቶ ስትጠይቅ ምን ይባላል?

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ መቼም መግቢያ አያሻውም። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር 10 ሺህ ያህል ሰው ነበር የሮጠው፤ መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ የሯጩ ቁጥር ከ40 ሺህ አልፏል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፊት ያሉት አትሌቶች በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይጨርሱታል፣ የቀረው ሕዝብ ግን እየሮጠ፣ እየጨፈረ፣ ከመንገድ ዳር ውሃ እየተረጨበት፣ ሙዚቃ ባለበት ቆሞ እስክስታ እየወረደ ነው የሚደርሰው። ሁሉም የለበሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ነው። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ አንድ ቀለም መካከል አንዲት ልጅ ፈልጎ ማንሳት ነው ሥራዬ። የአክስቴ ልጅ ብልህ ናት፤ ቢጫ ሻሽ እንደምታስር ቀድማ ነገረችኝ።

ካሜራውን ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ ተዋስኩ። ሲሰጠኝ ልጁን ሞግዚት ዘንድ እንደሚተው ሰው ነበር የሚያየኝ። ባለ 70-200 ሌንስ፣ ክብደቱ ክንድ የሚያዝል። «የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ላይ ክፈተውና ተወው፤ ኋላዋ ያለው ሁሉ ብዥ ይልልሃል፣ እሷ ብቻ ትወጣለች። ፎከሱን አውቶ ላይ አድርጌልሃለሁ» አለኝ። ሠርግ ላይ እውነቱን ነው፤ ሙሽሪትና ካሜራው መካከል ማንም ደፍሮ አይገባም። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል እያልኩ ማንገቻውን አንገቴ ላይ ደርቤ ጠምጥሜ ተኛሁ ማለት ይቻላል።

እሑድ ጠዋት የመንገዱ ጠርዝ ገና በጊዜ ተይዟል። ገመዱን የያዙት ሰዎች ከንጋት ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ ቦታ ልቀቁልኝ ማለት ነውር ነው። እኔ ከሁለተኛው ረድፍ ቆምኩ። ከፊቴ በግራ በኩል ከፀሐይ ለመጠለል ጃንጥላ የዘረጉ እናት፣ በቀኝ በኩል ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት። ልጁ የፕላስቲክ ጥሩምባ ይዟል። የጥሩምባው ቀለም ቢጫ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አትሌቶቹ እንደ ንፋስ አለፉ። ቀጥሎ ሕዝቡ መጣ፤ መንገዱ ሞላ፣ መሬቱ ራሱ የሚሄድ መሰለ። ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ቢጫ ሻሽ ብቅ አለ። አየኋት! እየሳቀች ነው። ካሜራውን አነሳሁ፣ ጣቴን ተጫንኩና አልለቀቅኩም፤ ካሜራው ይንጣጣል። በማያው ቀዳዳ ውስጥ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፦ ፊቷ ጥርት ይላል፣ ወዲያው ይቀልጣል፤ የጃንጥላው ጫፍ እንደ ጥላ ይገባል፤ አንድ ሰፊ ቡናማ ነገር ከታች ተነስቶ ግማሹን ይሸፍናል፤ ቢጫ ይመጣል፣ ቢጫ ይሄዳል። ስሟን ጠራሁ። እሷን የሚያህል ሺህ ሰው ዞር አለልኝ። አለፈች።

ከኋላዋ ልከተል ብዬ ውስጥ ለውስጥ መንደር ለመንደር ቆረጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? መስቀል አደባባይ ስደርስ የሌንሱ መክደኛ የለም፣ ትንፋሼም የለም። ወደ መጨረሻው መስመር የሚያስጠጋ ነገር አልተገኘም፤ በመካከላችን የሽቦ አጥር አለ። ከሰው መገፋት የተነሣ ሌንሱ ከሽቦው ጋር ተጣበቀ። አጠገቤ የቆመች የአክስቴ ልጅ ጓደኛም ስልኳን አውጥታ በዚያው አጥር በኩል ማንሳት ጀመረች። ቢጫ ሻሽ መጣ። ሁለታችንም አነሳን።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻ ተፈንድሿል፣ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል። ካሜራው በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያያዘ። የልጅቱን የሩጫ ጫማ ከዋሽንግተን የላከው ታላቅ ወንድሟም በስልክ ምስል ገብቶ ከቡፌው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። ጥሩምባ። ምን ዓይነት ጥሩምባ! ልጁ የነከሰበት የጥርስ ምልክት ሳይቀር ይቆጠራል። ከጥሩምባው ወዲያ ቀለም ብቻ ነው፤ የፈሰሰ ቀለም። ዝም ተባለ። አክስቴ ስኒ ማቅረቧን ቀጠለች። ቀጣዩ ወጣ፤ የጃንጥላ ጫፍ ሰማዩን ግማሽ ይዞታል። ቀጣዩ፤ ግዙፍ ቡናማ ነገር፣ ከላዩ ትንሽ ቢጫ። አንዲት ጎረቤት መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና «ይሄ ነው ፊቷ?» አሉ። «አይ፣ እሱ እጅ ነው።» «የማን እጅ?» «አላውቀውም።» «ታዲያ እሷስ?» «ከእጁ ጀርባ ናት፣ እማማ።» እማማ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ከእጁ ጀርባ ለማየት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ! ማን ይስቃል? ማንም አልሳቀም፤ አዝነውልኝ ነበርና። ያ ይበልጥ ያማል። ከዚያ ወዲያ አቦሉም ቶናውም የተጠጣው ብዥታ ሲፈታ ነው፦ ይሄ ትከሻ ነው፣ የለም ኮፍያ ነው፣ ይሄ የፖሊስ ነው፣ የለም የዛፍ ነው። ከዋሽንግተን ደግሞ ድምፅ መጣ፦ «ጫማው የታለ? ጫማውን አሳየኝ!» ጫማው ከሁሉም ፎቶ ውጭ ነው፤ ከወገብ በታች ያለው በሙሉ የሰው ጀርባ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው ሯጯ ራሷ ታጥባ፣ ሜዳሊያዋን አንጠልጥላ፣ ወደ ሳሎን የገባችው። ያንን ቡናማ እጅ ያለበትን አንዱን ፎቶ ስታይ ቆመች። በዚያ ፎቶ ላይ እጁ አገጯንና አፏን ሸፍኗል፤ ዓይኖቿና ሻሿ ግን ጥርት ብለው ወጥተዋል፣ ዓይኖቿም ወደዚያው እጅ ያያሉ። «እሱ እኮ ውሃ የሰጠኝ ሰውዬ ነው!» አለች። «እግሬ አልሄድ ብሎኝ፣ ልቆም ስል፣ ‹አይዞሽ እህቴ› ብሎ አቀበለኝ።» ሁላችንም እንደገና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። እጁ እንደዚያው ብዥ ያለ ነው፣ ፎቶውም ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እጅ አልነበረም የምናየው፤ ውሃ የሚያቀብል ሰው ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዱኝ በሰፈራችን ያሉ፣ ዕድሜያቸውን ከስታዲየም ሣር ጠርዝ ላይ የጨረሱ ፎቶ አንሺ ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ካሜራውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አልገረማቸውም። «ጓደኛህ ስለ ኋላው ነግሮህ ስለ ፊቱ አልነገረህም» አሉኝ። ቀጥለውም ሌንሱን አዙረው አፉን አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ላይ የተሳበ ሌንስ ቀዳዳው ኤፍ 2.8 ሲሆን ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከልጅቱ ፊት የሚነሣው ብርሃን በዚያ ስፋት ሁሉ ይገባል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ሌንሱ አፍ ላይ ቢጋረጥ ከብርሃኑ ጥቂቱን ብቻ ያስቀራል፤ የቀረው በግራም በቀኝም ዞሮ ይገባል። ሽቦው ይጠፋል፤ የሚተርፈው ስስ ጉም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያ ሌንስ ከአንድ ሜትር በታች ያለን ነገር ፎከስ ማድረግ ስለማይችል ሽቦውን ልያዘው ቢልም አይሆንለትም። የስልክ ካሜራ ቀዳዳ ግን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሽቦው ብቻውን ይደፍነዋል። መጨረሻው መስመር ላይ ያነሳናቸውን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስናያቸው ይኸው ነበር፦ በእኔ ፎቶ አጥሩ የለም፣ በጓደኛዋ ስልክ ግን ልጅቱ ከእስር ቤት የምትወጣ ትመስላለች። ልዩነቱ የእኔና የእሷ አይደለም፤ የቀዳዳው ነው።

እጅ ደግሞ ሌላ ነው። እጅ ከ7 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ መካከሉ ብርሃኑን በሙሉ ያግዳል፣ ጠርዙ ብቻ ይሟሟል። ስለዚህ ቀዳዳውን ብትከፍተውም አይጠፋም፤ ይለሰልሳል እንጂ። ጋሼ ለዚህ የሚሉት አጭር ነው፦ «ቀጭኑን ተጠጋው፣ ወፍራሙን ሽሸው፤ ካልቻልክ ደግሞ ቦታ ስጠው።»

ጥሩምባውስ? ጥሩምባው የአውቶፎከስ ጉዳይ ነው። ሰፊ ቦታ ፈልግ ተብሎ የተለቀቀ አውቶፎከስ ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውንና ጎልቶ የሚታየውን ነገር ይመርጣል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ቃል በቃል የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ጋሼ ሥራ ሲጀምሩ ይህ ጣጣ አልነበረም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ሚኖልታ 7000 ወጥቶ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ በብዙ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ፎከስ የጣት ሥራ ነበር። የጃፓኑ ኮን ኢቺካዋ ስለ 1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሠራው ፊልም ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶን ሲሮጥ በረጅም ሌንስ ቀርቦ የሚታይበትን ክፍል ያየ ሰው ይገባዋል። ያንን ፊት የያዘው ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም። ሰው ከፊቱ ምንም ቢያልፍ የሚፈልገው ማንን እንደሆነ አይረሳም። የዛሬዎቹ የስፖርት ካሜራዎች ይህንን ትዕግሥት በቅንብር መልክ አስገብተውታል፤ ካኖን በኢኦኤስ 1ዲ ኤክስ ላይ ከፊት የሚያልፍን መሰናክል ችላ ብሎ ሯጩን የሚከተል የተለየ ምርጫ አዘጋጅቷል፣ ኒኮንም የራሱ አለው። አንድ ነጠላ የፎከስ ነጥብ መርጦ ደረቷ ላይ ማሳረፍ፣ ካሜራው ቶሎ ሐሳቡን እንዳይቀይር ማዘዝ፤ ከጋሼ የተማርኩት ይኼው ነው።

አክስቴ ግን ስለ ቀዳዳ ስፋት ደንታ አልነበራትም። «እጁን አስጠፋልኝ» አለችኝ። ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገ፤ እጁ ጠፋ፣ በቦታው አገጭና አፍ በቀለ። የሚያምር አፍ ነው። አክስቴ መጋረጃውን ከፍታ በብርሃን አየችው፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ይቺ ልጅ ማናት? የኔ ልጅ ስትስቅ አፏ ወደ ግራ ይሄዳል» አለች። ልክ ነበረች። ካሜራው ያላየውን ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣዋል? ከሌላ ሺህ ሰው አፍ የተገመተ አፍ ነው የለጠፈው።

ይህ በአክስቴ ሳሎን ብቻ የሚያልቅ ክርክር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በወርልድ ፕረስ ፎቶ ውድድር የስፖርት ዘርፍ ሦስተኛ የወጣው የዩክሬኑ ፎቶ አንሺ ስቴፓን ሩዲክ ሽልማቱን ተነጥቋል። ከተከታታይ ፎቶዎቹ አንዱ በፋሻ ሲጠመጠም የሚታይ የተፋላሚ እጅ ነበር፤ ሩዲክ በጣቶቹ አጠገብ ብቅ ያለች የሌላ ሰው እግር ቁራጭ አጥፍቷል። ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ማንም አያያትም ነበር። ዳኞቹ ግን በቦታው የነበረን ነገር ማጥፋት አይቻልም አሉ። አሶሼትድ ፕረስም ለፎቶ አንሺዎቹ ያወጣው ሕግ ይኸው ነው፦ በፎቶው ላይ የነበረ አይጠፋም፣ ያልነበረ አይጨመርም። ድሮ ይህን ስሰማ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ያንን የተለጠፈ አፍ ካየሁ በኋላ ግን ከልቤ ነው የምደግፈው።

ከፊቱ ማንም የማይቆምበት የሩጫ ፎቶ አንድ አለ፤ በመጨረሻው መስመር ጎን የሚተከለው የፎቶ ፊኒሽ ካሜራ። በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌና ፖል ቴርጋት በ10 ሺህ ሜትር ተናንቀው ሲገቡ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29 ነበሩ። ከፊት ሆኖ በረጅም ሌንስ የሚያነሣ ሰው በዚያች ቅጽበት ማን እንደቀደመ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም፤ ረጅም ሌንስ ፊትና ኋላን ያጣብቃልና። የጎኑ ካሜራ ግን 9 መቶኛ ሰከንዷን ቆጥሮ ያስረክባል። ለፍርድ እሱ ይበልጣል። ነገር ግን ማን ውሃ እንዳቀበለ፣ ማን ጥሩምባ እንደነፋ፣ ማን ከንጋት ጀምሮ ገመድ ይዞ እንደቆመ አይነግረንም። ታላቁ ሩጫን ታላቅ ያደረገው ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ከፎቶው ማጽዳት ልጅቱን ብቻዋን በባዶ መንገድ ማስሮጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን አልሮጠችም።

ስለዚህ ኅዳር ሲመጣ ልጃችሁን ወይም እህታችሁን ልታነሱ የምትወጡ ሁሉ፣ በጊዜ ሄዳችሁ ከገመዱ ተጠጉ። ሽቦ ካለ ሌንሱን አስነኩት፣ ቀዳዳውን ክፈቱት። የፎከሱን ነጥብ እናንተ ምረጡ፣ ለካሜራው አትተዉለት። ዓይኗን የሚሸፍን ነገር ከመጣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ በሉ። ዓይኗ ከታየ ግን የቀረውን ተዉት፤ እጁም፣ ጃንጥላውም፣ ትከሻውም ይግባ። ቤት ስትደርሱም አታጥፉት። መጀመሪያ የሮጠችውን ጠይቋት፦ ይሄ እጅ የማን ነው?